የቢሮ ጓደኛዬ ቀጥ ያለ መስመር

ባሌ ሮቤ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ቢሮ የምጋራው እዚያው ባሌ የተወለደ የጊኒር ልጅ ነበር። ሁለታችንም ስታትስቲክስ አስተማሪዎች ነን። የትምህርት ክፍላችን ለዶክትሬት የሚልከው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ማን እንደሚሄድ የሚለየውም በሴሚናር በምናቀርበው ጥናት ነው። እኔ ያንን ዕድል ገና ሳላገኘው የራሴ አድርጌዋለሁ።

በዚህ ልጅ ያልቀናሁበት ነገር የለም። እኔ ለጥናት ገሰራ ገጠር ስሄድ አስተርጓሚ ለምኜ ነው፤ ገበሬው "ምርቱ ደህና ነው" ብሎ ይሸኘኛል። እሱ በኦሮምኛ "አካም ጅርቱ" ብሎ ገና እጁን ሲዘረጋ እርጎ ይቀርብለታል። ስንት ማዳበሪያ እንዳደረጉ፣ ስንት ኩንታል እንዳገኙ፣ ማን ማንን እንዳገባ ሳይቀር ሰምቶ ይመለሳል።

ሴሚናሩ ሲቃረብ የጥናቱን ውጤት አሳየኝ። ማዳበሪያ በጨመረ ቁጥር የስንዴ ምርት ይጨምራል ይላል፤ በግራፉ ነጥቦች መሃል ቀጥ ያለ መስመር ተሰምሯል።

"እንዴት ነው?" አለኝ።

"ያምራል" አልኩት። እውነትም ያምር ነበር፤ አንጀቴ እርር አለ።

አንድ ነገር ግን ጎድሎታል። ሞዴሉ፣ ማለትም ያ መስመር፣ በገመተውና ገበሬው በእርግጥ ባመረተው መካከል ያለውን ልዩነት ለብቻው አልሳለውም። ዝምድናው ቀጥተኛ ከሆነ ያ ልዩነት ወዲያ ወዲህ ይበተናል እንጂ ቅርጽ አይዝም። ባሌ ውስጥ ደግሞ ማዳበሪያ የበዛበት ስንዴ ዝናብ ሲመታው ተኝቶ ምርቱ እንደሚቀንስ የማያውቅ የለም። ለእሱ ግን አልነገርኩም። ሰው ፊት ልጠይቀው አስቀመጥኩት።

በሴሚናሩ ቀን ጠዋት አቅርቦ ሲጨርስ፣ ጭብጨባው ሳያባራ እጄን አወጣሁ።

"ዝምድናው ቀጥተኛ መሆኑን ፈትነኸዋል?"

"አልፈተንኩትም" አለ።

ልዩነቱ እዚያው ይሳል ተባለ። ማዳበሪያው ባነሰበትና በበዛበት በኩል ነጥቦቹ ከዜሮ በታች ወረዱ፤ መሃል ላይ ከዜሮ በላይ ወጡ። እንደ ቀስት ጎበጡ። የእኔ ሆድ ውስጥ ሰርግ ነበር።

እሱ ግን ፊቱ በራ። "ወላሂ፣ ያላየሁት ይሄን ነው! ከዚህ በላይ ማዳበሪያ መጨመር ለገበሬው ኪሳራ ነው ማለት ነው!" እያለ እዚያው ሞዴሉን አስተካክሎ መስመሩን አጎበጠው። ኃላፊያችን ወንበራቸውን አስጠጉ። "እኛ እስከዛሬ ጨምሩ ጨምሩ ነበር የምንለው፤ ይሄ ነው ጥናት!" አሉ።

የእኔ ጥናት ከሰዓት ቀረበ። ፈትኜዋለሁ፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ እንከን አይወጣለትም። አንድም ሰው ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ዕድሉ ለእሱ ሆነ። ሊሰናበተኝ ሲመጣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"እህቴ፣ ሁሉም ሲያጨበጭብልኝ ለእኔ ያሰብሽው አንቺ ብቻ ነሽ። አላህ ይስጥልኝ።"

"አሜን" አልኩት፤ ሌላ ምን ይባላል? ሰውን እንዲህ ማመን መቻሉም አስቀናኝ።