ጠፍቷል

የድሮ አናጢዎች ሲገናኙ ዓይናቸው ከሰላምታው በፊት የሚያርፈው አንዱ በሌላው ጣት ላይ ነው። ሽመልስ በዚህ በኩል ኩሩ ሰው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በመንግሥት የእንጨት ሥራ ክፍል ከመጋዝና ከመላጊያ ማሽን ጋር ሲታገል ኖሮ፣ ጡረታ የወጣው አሥሩንም ጣቶቹን ይዞ ነው። ባልደረቦቹ አንዱ ጫፍ፣ ሌላው ግማሽ ጣት እዚያው እየተዉ ሲወጡ፣ እሱ ሙሉ እጁን እያወዛወዘ ፈላና በር ሰፈር፣ አያቱ የሠሩት ቤት ገባ። ሚስቱ ሰገነት ያን ሰሞን ለገብርኤል ስለት አስገባች። ስለቱ ለልጅም ለጤናም አልነበረም። እጁን ሳታስነካብኝ መለስክልኝ ብላ ነው።

ጡረታ ግን ለሽመልስ አልተስማማውም። ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ፊት ለፊቱ ያለውን ሐኪም ጋራ ያያል፤ ከሰዓት በኋላ ወንበሩን ወደ ጥላው ስቦ ያንኑ ጋራ ያያል። በዚህ ሁኔታ እንደቆየ አንድ ቀን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ከገበያ መጣ። ሰገነት ሥጋ መስሏት ደስ አላት። ሲፈታ ራውተር ሆኖ ተገኘ፤ በእጅ ተይዞ የእንጨት ጠርዝ ላይ ቦይና ቅርጽ የሚያወጣ ማሽን። ምላጩ ከሥሩ ብቅ ብሎ ዓይን በማይከተለው ፍጥነት ይሽከረከራል። አሮጌ ነው፤ አንዱ እጀታውም የለም።

ሰገነት ይህ ነገር እንዴት ይያዛል ብትለው፣ ማን በእጁ ይይዘዋል፣ ጠረጴዛ እሠራለታለሁ አለ።

ሠራለትም። ከወጥ ቤቱ ማዕዘን ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ፣ ከተጣለ የትምህርት ቤት ዴስክ እግር፣ ከወፍራም የኤምዲኤፍ ጣውላ ደግሞ ገበታ አወጣለት። የገበታውን መሐል በሳና በቀዳዳው ላይ ብረት ገጠመ። ከዚያ ራውተሩን ገልብጦ ከብረቱ ሥር በብሎን አንጠለጠለው። ማሽኑ እንደ ሌሊት ወፍ ቁልቁል ተንጠልጥሎ፣ ምላጩ ብቻ በቀዳዳው ወደ ላይ ብቅ አለ። ከእንግዲህ እንጨቱ ነው ወደ ምላጩ የሚሄደው። ሽመልስ በሥራው ተደስቶ ሚስቱን ጠርቶ አሳያት። እሷ የታያት ጥርስ ያወጣ ጠረጴዛ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልቧ አላረፈም።

ጠረጴዛውም ጉድለት አላጣውም። ከፍታውን የሚይዘው ብሎን ያረጀ ስለሆነ በንዝረት ይላላና ምላጩ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ያኔ ሽመልስ ተንበርክኮ፣ ግራ እጁን ከሥር አስገብቶ ማሽኑን ወደ ላይ ይገፋል፤ በቀኝ እጁ ጣቶች ከላይ ምላጩን እየዳበሰ ልኩን ይፈልጋል። ሜትር አያምንም፤ የሚያምነው ጣቱን ነው። የማሽኑ ማብሪያ ደግሞ አብሮ ተገልብጦ እጅ በቀላሉ የማይደርስበት ስለገባ፣ እንደበራ በሽቦ አስሮ ተወው። በምትኩ መስመር ስቦ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ሰገነት ከምትቆምበት ምድጃ አጠገብ፣ ሌላ ማብሪያ ማጥፊያ ገጠመ። የጠላችው ማሽን አዛዥ እሷው ሆነች።

አብሪው ሲላት ታበራለች፤ አጥፊው ሲላት ታጠፋለች። እጁን ከማስገባቱ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ ከማዕዘኑ ጀርባ "ጠፍቷል?" ብሎ ይጠይቃል። እሷም "ጠፍቷል" ትላለች። ያቺን ቃል ሳይሰማ ጣቱን አያስጠጋም። የነበራቸው ጥንቃቄ ይኸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ሰገነት ትንሽ ሳትኩራራበት አልቀረችም፤ የባሏ እጅ በእሷ አፍ ላይ ነበረና።

ጎረቤታቸው ኸዲጃ ልጇን ልትድር ስለሆነ ለሙሽሮቹ የዋንዛ ቁምሳጥን አዘዘች። አንድ ቀን ሥራውን ለማየት መጥታ የማሽኑን ጩኸት ስትሰማ ጆሮዋን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። ባልሽ ከሰይጣን ጋር ነው የሚውለው፣ አላህ ይጠብቀው አለቻት። ሰገነት ይህንኑ ማታ ብትነግረው፣ "አቦ ተዪኝ፣ ሟርት አታብዢ" አለና ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ እራቱን በላ። በማግስቱ ምላጩ ከወትሮው ይበልጥ እየወረደ አስቸገረው። እሷም "ጠፍቷል" ባለች ቁጥር ማብሪያውን መልሳ መልሳ ማየት ጀመረች።

ያን ቀን መብራቱ ከጠዋት ጀምሮ ሲያመነታ ነበር። ሽመልስ የቁምሳጥኑን አንድ በር ጨርሶ ሁለተኛውን ጀምሯል። ሰገነት ሽንኩርት እያቁላላች ነው፤ ሬዲዮው ዜና ያወራል። ድንገት የማሽኑ ድምፅ ወረደ፣ አቃሰተና ቆመ። ሬዲዮውም ዝም አለ።

ሽመልስ ምላጩ መውረዱን ካየ ቆይቷል፤ ማሽኑ ሲቆም ጊዜው ተመቸው። ጥንቁቅ ሰው ነውና እንደ ወትሮው ጠየቀ።

"ጠፍቷል?"

በዚህ ሰፈር መብራት ሲሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ የእኛ ብቻ ነው ወይስ የሁሉም የሚለው ነው። ሰገነት አንገቷን በመስኮቱ አወጣች። ቀን ከሌት የሚበራው የነኸዲጃ የበረንዳ አምፖል ጨልሟል።

"ጠፍቷል" አለች።

እነ ኸዲጃም ጋ ጠፍቷል ልትል ነበር። ሽንኩርቱ እንዳያርባት ድስቱን ከጋለው ምድጃ ለማውረድ ዞረችና ሳትለው ቀረች። ያቺን ብትጨምር ኖሮ ሽመልስ ይባንን ነበር። ማብሪያው ክንዷ ሥር እንደበራ ነው።

ጉልበቱ መሬት ሲነካ ተሰማት፤ ቀጥሎ ብሎን መፍቻው ብረት ሲመታ። ግቢው ጭር ብሏል። ድስቱን አስቀምጣ እጇን ስትጠርግ ሬዲዮው ተናገረ። ሰገነት "ተመስገን" አለች። ይህን ቃል ኋላ ስታስበው ምላሷን ልትነክስ ይቃጣት ነበር። ከሬዲዮው እኩል ማሽኑ ጮኸ፤ ጩኸቱም እንጨት ሲያገኝ እንደሚሰማው አልነበረም። እጇ ሳታዘው ሄዶ ማብሪያውን አጠፋ። እግሯ ግን ማዕዘኑን ለመዞር እምቢ አላት፤ ቀድማ የደረሰችው በአጥሩ በር የሮጠችው ኸዲጃ ናት። እጁን በገዛ ሻሿ ጠቅልላ ባጃጅ አስጠራች።

ከቀኝ እጁ ሌባ ጣቱና የመሐል ጣቱ ተቆርጠው ቀሩ። ጠያቂ ሲመጣ ሽመልስ ለሁሉም መልሱ አንድ ነበር፤ መብራቱ ነው ይላል። ሰዉም መብራቱን ረግሞ፣ ነፍስህን ያተረፈ ይመስገን ብሎ ይሄዳል። ሰገነት ውኃ እያቀረበች ይህን በሰማች ቁጥር ብርጭቆውን አስቀምጣ ወደ ወጥ ቤት ትመለሳለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሰው ሲያጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ማብሪያውን አላጠፋሁትም ነበር" አለችው። "ጠፍቷል ያልኩህ መብራቱን ነው።"

ሽመልስ በደህናው እጁ ትራሱን አስተካከለ።

"ሆስፒታል ተኝቼ ገብቶኛል። እኔ ስለ ማሽኑ ጠየቅሁሽ፤ አንቺ ስለ ሰፈሩ መለስሽልኝ።"

ተቆጣኝ እንጂ ብላ አለቀሰች። አልተቆጣትም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ሰርጉ ቁምሳጥኑ በአንድ በር፣ ሌላው ጎኑ በጨርቅ ተሸፍኖ አለፈ። ኸዲጃ በሩን እርሳው፣ ከአላህ የመጣ ነው ብላ ለመነችው። እሱ ግን ቁስሉ ሳይደርቅ ልጨርሰው ብሎ ተነሣ። ሰገነት ማሽኑን ሽጠው አለች፣ አኮረፈች፣ በመጨረሻ የነፍስ አባታቸውን ጠራችበት። ሽመልስ ምክራቸውን አንገቱን ደፍቶ ሰማ፤ መስቀላቸውን ተሳልሞ ሸኛቸውና ወደ መጠለያው ሄደ። አላበራም ብትለው መስመሩን ሌላ ሶኬት ላይ ሰክቶ፣ ያሰረውን ሽቦ ፈትቶ በቆሰለ እጁ ከሥር ሊያበራው መሆኑን ታውቃለች። ያ ደግሞ የባሰ ነው። ስለዚህ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቦታዋን ያዘች።

"አብሪው" አለ ከማዕዘኑ ጀርባ።

አላበራችም። ደግሞ ጠራት።

"ውጣና እጆችህን አሳየኝ" አለች። "ሁለቱንም። ከእንግዲህ ቃል አልሰማም፣ ቃልም አልሰጥህም።"

ልጅ አደረግሽኝ እያለ አጉረመረመ፤ ግን ወጣ። በግቢው መሐል ፀሐይ ላይ ቆሞ ሁለቱንም እጆቹን ወደ መስኮቱ አነሣ። አንዱ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል፤ ሌላው ሰጋቱራ ለብሷል። ሰገነት አየቻቸው፤ እስኪሰለቸው ድረስ አየቻቸው። ከዚያ ማብሪያውን ተጫነች። መጠለያው ውስጥ ማንም ያልቀረበው ማሽን ብቻውን ጮኸ። ሽመልስ እጆቹን አውርዶ ወደ ጩኸቱ ዞረና ከማዕዘኑ ጀርባ ገባ። እሷ ጣቷን ከማብሪያው ላይ ሳታነሣ ጆሮዋን ሰጥታ ቆመች።