የኤደኑ ግንብ ውፍረት

ልጅ ሳለሁ፣ አሜሪካ፣ ፍሮግታውን በሚባል ሰፈር በነበረው አፓርታማችን፣ ከእራት በኋላ ጋሽ ኢድሪስ ከታችኛው ፎቅ ወደ እኛ ይወጡ ነበር። የምጽዋ ሰው ናቸው፤ አማርኛውን የተማሩት ትምህርት ቤት ነው። ቁጡና ተከራካሪ ሽማግሌ ነበሩ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ሲጋራቸውን ይለኩሱና፣ ጭሱን ወደ ውጭ እየለቀቁ ስለዚያ ግንብ ያወሩልን ነበር። እኔና ወንድሜ በእንግሊዝኛ ስንጠይቃቸው «በሰው ቋንቋ ጠይቁኝ» ብለው ፊታቸውን ያዞሩብናል።

ግንቡ ያለው የመን ውስጥ፣ ኤደን ወደብ ላይ ነው። እንግሊዞች በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ለመርከቦቻቸው የከመሩትን ድንጋይ ከሰል ጠላት እንዳይነካባቸው ብለው የሠሩት ነው። ትልልቅ መድፎች ወደ ባሕር አዙረው፣ ወታደሩ በሙቀት እየቀለጠ፣ ጠላት ሲጠብቁ ኖሩ። ጠላት የሚባል ዝር አላለም። ጋሽ ኢድሪስ እዚህ ሲደርሱ ይስቁ ነበር። ኋላ መድፎቹ ተነቀሉ፣ ግንቡ የዓሣ ነጋዴዎች መጋዘን ሆነ፣ በመጨረሻም ቀይ ባሕርን በጀልባ የተሻገረ ስደተኛ ገባበት። እሳቸውም ሚስታቸው ከሞተችባቸው በኋላ አንድ ልጃቸውን ዘይነብን ይዘው፣ ድሮ ባሩድ ይቀመጥበት በነበረ ክፍል ውስጥ በአንሶላ ጋርደው ዓመታት ኖረዋል።

ታዲያ የግድግዳውን ውፍረት እጃቸውን ዘርግተው ሲያሳዩን አባቴ አያስችለውም። ይኼ ግድግዳ በየሳምንቱ ይወፍራል እንዴ፣ ባለፈው እኮ እጅዎ ይህን ያህል አልተዘረጋም፣ ይላቸዋል። እሳቸው ይቆጣሉ፣ እናቴ ትስቃለች፤ እኛ ልጆቹማ ከታሪኩ ይልቅ ክርክሩን ነበር የምንወደው።

አንድ ሰመር ኤደን ውስጥ ጦርነት ተነሣ። ዘይነብ ገና እዚያው ነበረች፤ አባቷ ወደ አሜሪካ ሊያመጧት ፕሮሰስ ጀምረው ነበር። ስልክ ተቋረጠ። ጋሽ ኢድሪስ ከሥራ ሲወጡ የስልክ ካርድ ይዘው ሲሞክሩ ያመሻሉ፣ ከዚያ እኛ ዘንድ መጥተው ያንኑ ግንብ ይተርካሉ። ያኔ ግን አይስቁም። ልጄ ያለችው እዚያ ግድግዳ ውስጥ ነው፣ መድፍ አይበሳውም፣ እያሉ ይደጋግማሉ። አባቴ ያኔም መከራከሩን አልተወም፤ ሲቆጡ ትንሽ ነፍስ ይዘሩ ነበርና።

አንድ ዓርብ ከሰዓት የጋሽ ኢድሪስ ዘመድ ከጂዳ ለአባቴ ደወለ። ዘይነብ ሞታለች። አባቴ ስልኩን ዘግቶ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። መርዶ ደግሞ እንዲሁ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ባለበት፣ በማለዳ ነው። የወንድማቸው ልጅ እሑድ ከሲያትል እስኪደርስ ትንፍሽ እንዳትሉ ተባልን።

ማታ ጋሽ ኢድሪስ እንደ ልማዳቸው መጡ። እናቴ ከኩሽና አልወጣችም። እኔ ዓይናቸውን ላለማየት ጠረጴዛው ላይ ያለው መብራት ላይ አፍጥጫለሁ። ከእንግሊዞቹ ጀመሩ። ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ሁለት እጃቸውን እስከቻሉት ድረስ ዘረጉ።

«አዎ፣ እንዲያውም ከዚያ ሳይበልጥ አይቀርም» አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ሲጋራው ጣታቸው መሃል ይነዳል። አባቴን ትክ ብለው አዩት።

«ታደሰ፣ ዛሬ ለምን አልተከራከርከኝም?»

አባቴ አንገቱን ደፋ።

«ከግንቡ ወጥታ ነው፣ አይደል?» አሉ። «ውስጥ ሆና አይደለም።»

«ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነው፣ ጋሼ» አለ አባቴ እያለቀሰ።

ከዚያ በኋላ ከእኚያ ሰው የወጣውን ድምፅ እንኳን ልጅ፣ ትልቅ ሰውም አይችለውም። አባቴ አሁን አርጅቷል፤ ልጠይቀው ሪችፊልድ ስሄድ ያንን ማታ ያነሣብኛል። እኔ አልፈርድበትም፤ አንጀቱ አልችል ብሎት ነው። ግን ያኔ አንድ ጊዜ ብቻ «ኧረ ያጋንናሉ፣ ጋሽ ኢድሪስ» ቢላቸው ኖሮ፣ እስከ እሑድ ጠዋት ድረስ ልጅ ነበረቻቸው።