በጅራቷ የምትቀመጥ አይሮፕላን

ታናሽ ወንድሜ ታደሰ አይሮፕላኗን በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ በሽማግሌ እጅ ላከልኝ። በእሱ በርና በእኔ በር መካከል ያለው መንገድ ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆድና ጀርባ ሆኖ የኖረ ሰው ግን ሃያ እርምጃ ለመሄድም ሽማግሌ ያስፈልገዋል። የሰፈራችን ሽማግሌ አቶ ዳና ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና የተላኩበትን ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነገሩኝ።

«አይሮፕላኗን እሱ ይውሰዳት፤ እኔ ድርሻዬን ወስጃለሁ ብሏል።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ተናገሩ። ጊፋታ ዘጠኝ ቀን እንደቀረው፣ የወላይታ ሰው አዲሱን ዓመት ከወንድሙ ጋር ተኳርፎ እንደማይቀበል፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት እንደሆነ ነገሩኝ፤ እኔም እንደ ጨዋ ሰው አንገቴን እየነቀነቅሁ አዳመጥኳቸው። ጆሮዬ ግን «ድርሻዬን ወስጃለሁ» የምትለዋ ላይ ቀርቶ ነበር። እናታችን ከሞተች ሁለት ወሯ ነው፤ የነበራትን ሁሉ ሽማግሌዎቹ ለሁለት ከፍለውልን ሳትከፈል የቀረችው ይህች የፕላስቲክ አይሮፕላን ብቻ ነበረች። ታዲያ ምኗን ገንጥሎ ነው የወሰደው? ታደሰን አውቀዋለሁ፤ ጤነኛ ነገር ካልገነጠለ እህል የማይዋጥለት ሰው ነው።

ፌስታሉን ስፈታው የእናታችን ሳጥን ሽታ፣ የብል መድኃኒትና ታጥፎ የከረመ ነጠላ ሽታ፣ ፊቴ ላይ መጣ። ልቤ ሊባባ ሲል ተቆጣሁትና መነጽሬን አድርጌ ወደ ቆጠራው ገባሁ።

አባታችን በአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ይሠራ ነበር። ከአገር የሚወጣ አንድ የውጭ ሐኪም ዕቃውን ሲያከፋፍል ለአባታችን የደረሰው ፀሐይ ሥዕሉን ያደበዘዘው የካርቶን ሳጥን ነበር፤ ውስጡ ሁለት ሞተር ያላት አይሮፕላን በመቶ ቁራጭ ተበታትና፣ ቁርጥራጮቿ እንደ ወይን ዘለላ ከፕላስቲክ ዘንግ ላይ ተንጠልጥለው፣ አብሮ የመጣው ማጣበቂያ ቱቦው ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ተቀምጧል። ጊዜው ክረምት ነው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ የዳሞታ ተራራ ደመናውን ተከናንቦ ከታየ ሳምንታት አልፈዋል፣ የሶዶ ጭቃ ጫማ ከነእግር ይውጣል፣ እኛም ሁለት ወንዶች ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ታጉረናል። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ እሱ አሥር። በአንድ ዓመት ከሁለት ወር እበልጠዋለሁ፤ ይህን እስከ ዛሬ አላመነም።

ሳጥኑ በተከፈተ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እሱ ክንዴን ነክሶኝ፣ እኔ የሳጥኑን ክዳን ራሱ ላይ ቀድጄበት ነበር። አባታችን መቀስ አመጣ። አይሮፕላኗ በተፈጥሮዋ ቀኝና ግራ ተብላ የተከፈለች ናት፤ ሆዷ እንኳን እንደ ባቄላ ፍሬ ሁለት ግማሽ ነው። ዘንጎቹን ቆራርጦ ቀኙን ሁሉ ለእኔ፣ ግራውን ሁሉ ለታደሰ ሰጠና፣ የማንም ያልሆነውን የአፍንጫ ጎማ እንዳንጋደልበት ኪሱ ከተተው። «እያንዳንድህ የራስህን ሥራ፤ የሌላውን የነካ እጁን እቆርጣለሁ» አለን። ሰላም የወረደ መስሎት ነበር፣ ነፍሱን ይማር።

ከዚያ ቀን በኋላ ያቺን አይሮፕላን የሠራናት እሷን ወደን አልነበረም፤ አንዱ ሌላውን ለማሳፈር ነው። ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ የምትኖር፣ ከጎንደር ተመድባ የመጣች ነርስ ነበረች፤ ሲስተር እንላታለን። ማጣበቂያችን መድረቁን ስታይ ከጥፍር ቀለም ማስለቀቂያዋ አሴቶን በብልቃጥ ሰጠችን። አሴቶን እንደ ሙጫ አይደለም፤ ፕላስቲኩን ራሱን ያቀልጠዋል፣ የቀለጡት ሁለቱ አንድ ላይ ሲደርቁ ደግሞ መገጣጠሚያው ይጠፋል። ብዙ ከቀባህ ክንፉ እንደ ሻማ ይሟሟል፤ ታደሰ የመጀመሪያ ቀን የጅራቱን ጫፍ አሟሟው፣ እኔም እሑድን ሙሉ ሳቅሁበት። እሱ ግን ሞኝ አልነበረም፤ ትርፍ ዘንጉን በምላጭ ከትፎ አሴቶን ውስጥ አሟሙቶ ሊጥ አበጀና፣ የተበላሸውን ጫፍ በሊጡ ሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ፍቆ ከእኔ የተሻለ አደረገው። በዚያ ሰሞን እንቅልፍ አጣሁ።

መለስኩለት። ቀጭን ዘንግ ኩራዝ ላይ አሙቄ ስስበው እንደ ፀጉር ቀጠነልኝና ለእኔ ወገን የሬዲዮ ሽቦ ዘረጋሁ። እሱ ከሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ላይ ጠባብ ቁራጭ ቆርጦ ለእሱ አብራሪ የወንበር ቀበቶ አሰረለት፤ የእኔ ረዳት አብራሪ ያለ ቀበቶ ቀረ። እኔ የክንፌን ብረት መጋጠሚያ ሁሉ በተሳለ እርሳስ አሰመርኩ፣ እሱ በሲስተር ቀይ ኩቴክስ የፕሮፔለሩን ጫፎች ቀባ። ሲስተር ከሥራ ስትመለስ ቆም ብላ ግራውን «ጎበዝ» ካለች እኔ እራቴን አልበላም፣ ቀኙን ካለች እሱ አይበላም። እናታችን በዚያ ክረምት አንድ ሰሃን ምግብ ሁልጊዜ እንደተረፋት ነው።

ሆዷ የሚገጠምበት ቀን መጣ። ጫፎቹን አሴቶን ቀብተን ስናበቃ ማሰሪያ የሚሆን ነገር ስላልነበረ አባታችን አይሮፕላኗን በአራት እጅ አስያዘን፤ እኔ ከቀኝ፣ እሱ ከግራ፣ ጣቶቻችን እየተደራረቡ፣ እስክትደርቅ ድረስ። በዚያ ሳምንት አንነጋገርም ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አንድ ሰዓት ያህል አፍንጫ ለአፍንጫ ተቀመጥን፤ እጁ ጥብስ በቆሎ በቆሎ ይሸታል። ጣቴን ሆን ብሎ ጨመቀኝ፣ እኔም ሆን ብዬ ጨመቅሁት፣ ሁለታችንም ዓይናችን እንባ እስኪያቀር ድረስ አለቀቅንም። ስፌቱ ፀጉር እንኳ የማያስገባው ለዚህ ነው።

ቀለሙ ደርቆ፣ አባታችን የአፍንጫውን ጎማ በገዛ እጁ ለጥፎ፣ ሲስተርም ተጠርታ አይሮፕላኗ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ በጅራቷ ቁጭ አለች። አባታችን ከሳጥኑ ጋር የመጣውን የመመሪያ ወረቀት አገላብጦ ካየ በኋላ ሳቅ አነቀው። ሆዷ ከመዘጋቱ በፊት አፍንጫዋ ውስጥ ክብደት መግባት ነበረበት፤ ክብ የእርሳስ ብረት ሥዕሉ ላይ በግልጽ ተሥሏል። እኔ አይቼው ነበር። ታደሰም አይቶታል። ግን የሚገባው መሐል ላይ ነው፤ ቀኝም አይደለም፣ ግራም አይደለም። እኔ እሱ ያስገባዋል አልኩ፣ እሱም እኔ እንደማስገባው ቆጥሮ ጠበቀ፣ ተነጋግረን ደግሞ አናውቅም።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ እየተጯጯህን ሳለ እናታችን ከጓዳ ወጣች። አይሮፕላኗን አየች፣ እኛን አየች፣ አፍንጫውን የነፋ ፍጥረት በቤቷ ሁለት እንደሚበቃት በወላይትኛ ተናገረችና ባዶ የክብሪት ቀፎ ከጅራቷ ሥር ሸጎጠችላት። አይሮፕላኗ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ በሦስት ጎማዋ ቀጥ ብላ ቆመች።

ከዚያ ወዲህ ቡፌው ላይ ኖረች። እናታችን ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራዋን ታራግፍላትና ቀፎውን መልሳ ትሸጉጥላታለች፤ ሲላላ ትለውጠዋለች፤ የመጨረሻውን ቀፎ እንዳይላላ በነጭ ክር ጥብቅ አድርጋ ጠምጥማው ነበር።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አባታችን ሲሞት ግቢውን ለሁለት ተካፈልን፤ ታደሰ አጥሩን በአንድ ክንድ ወደ እኔ ገፋ። አልገፋሁም ይላል። ለካሁት፣ ገፍቷል። እናታችን መሐል ባለችው ቤት፣ በእኔም በእሱም ወገን በር ተከፍቶላት ቀረች። ጎረቤቱ ሁሉ ሁለት ባላ ተክላለች፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ትንጠለጠላለች ይላት ነበር።

በሐምሌ ሳል ያዛት። ሳሏ በሁለቱም ግድግዳ ይሰማል። በሯ ላይ የመድኃኒት ፌስታል ተንጠልጥሎ አይቼ ታደሰ ሐኪም ቤት ወስዷታል አልኩ፤ ፌስታሉ የከረመ ኖሯል። እሱ ደግሞ፣ ኋላ ከጎረቤት እንደሰማሁት፣ አንድ ጠዋት እኔ በር ላይ ባጃጅ ቆሞ አይቶ እኔ እንደወሰድኳት ቆጠረ፤ ባጃጁ ሲሚንቶ ነበር ያመጣልኝ። እሷ እንደሆነች አንዱን ለሌላው አትከስም፤ ስንጠይቃት ደህና ነኝ ትላለች። ሐኪም ቤቱ በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሐሙስ ረፋድ ላይ ሞተች። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ታደሰ አጠገቤ መጥቶ ቆመና በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የተናገረኝን አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረኝ።

«አንተ የወሰድካት መስሎኝ ነበር።»

በእኔም አፍ ውስጥ የነበረው ይኸው ዓረፍተ ነገር ነበር፤ እሱ ቀደመኝ፣ ለዚያም ጠላሁት።

እንግዲህ ቆጠርኩ። ሁለቱም ፕሮፔለር አለ፣ የእሱ ቀይ ጫፎች ትንሽ ቢላጡም። ጎማዎቹ ሦስቱም አሉ። የእሱ አብራሪ ከነቀበቶው፣ የእኔም ያለ ቀበቶው ተቀምጠዋል። የዘረጋሁት ሽቦ እንኳ፣ እስትንፋስ የሚበጥሰው የሚመስለው፣ አልተነካም። ስፌቱን በጥፍሬ ፈለግሁት፤ የእኔ ግማሽ የት አልቆ የእሱ የት እንደሚጀምር አጣሁት። ምንም አልጎደላትም። ሽማግሌ ፊት ሊያዋርደኝ ነው ድርሻ የሚለው እያልኩ፣ እየተሳደብኩ፣ አይሮፕላኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት።

አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ በጅራቷ ቁጭ አለች።

በቤቴ ክብሪት ሞልቷል፤ ጓዳ ውስጥ ብቻ ግማሽ ደርዘን አለ። አንዱንም አልሸጎጥኩላትም። ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው፤ እንደዚያው ተቀምጣለች፣ እኔም በሩን በሩን እያየሁ፣ ያን በነጭ ክር የተጠመጠመውን ቀፎ እሱ ራሱ ይዞት ይመጣል ብዬ እየጠበቅሁ ነው።