ላይኛው ድምፅ ሲወርድ

ሁለቱን የፊት ጥርሶቼን ያስነቀልኩት ባለፈው ክረምት ነው። ሥራቸው መግል ይዞ ስለነበር ሐኪሟ ሌላ ምርጫ አልሰጠችኝም። ድዴ ሲደርቅ የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠራልኝ፤ ላንቃዬ ላይ የሚለጠፍ ሮዝ ቁራጭ፣ ከፊቱ ሁለት ጥርስ። አድርጌው ሳየው ያምራል። ሳወልቀው ግን መስታወቱ ውስጥ የማላውቃት አሮጊት ትቆማለች። ከባሌ በቀር ማንም እንዳያውቅብኝ ወሰንኩ። እሱም ቢሆን በረንዳ ካልወጣ ጥርሱን አውልቄ አላጥበውም።

የምሠራው ቸርችል ጎዳና ላይ ቢሮ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ፒያሳ፣ ወለሉ ጣውላ በሆነ አሮጌ ፎቅ ላይ የሚለማመድ የትንፋሽ ባንድ አለን። እኔ ሁለተኛ ክላርኔት ነኝ። ክላርኔት ሲነፋ የላይኞቹ የፊት ጥርሶች የሚያርፉት ማውዝፒሱ ላይ፣ ማለትም አፍ ውስጥ የሚገባው ጥቁር ጫፍ ላይ ነው። ከሥር ደግሞ የታችኛው ከንፈር ሪዱን፣ ያቺን ስስ የሸምበቆ ምላስ፣ ይደግፋል። ነገሩ ሁሉ ያለው በዚያ ንክሻ ላይ ነው። እኔ ደግሞ የምነክስበት ጥርስ አልነበረኝም።

ከክረምቱ ዕረፍት ተመልሰን መጀመሪያ ስንለማመድ ወፍራሙ የታች ድምፅ እንደ ድሮው ወጣልኝ። ደስ አለኝ። ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ አፍን ጠበቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ጠበቅ ሳደርግ ጥርሱ ተነቃነቀ። ደንግጬ ላላ አደረግሁት፤ ድምፁም አብሮኝ ወረደ። መሪያችን እጁን አንስቶ ሁሉንም አስቆመ።

«ሁለተኛ ክላርኔት፣ ላይ ላይ እየወረድሽ ነው።»

«ማውዝፒሱ አርጅቶ ነው» አልኩ። ምን እንደምል ሳላስብ ነው ከአፌ ያመለጠኝ።

አጠገቤ ተቀምጠው አንደኛ ክላርኔት የሚነፉት ከጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። «እውነቷን ነው፣ ያረጃል» ብለው ተከራከሩልኝ። «እኔ ቤት ያሉኝን አመጣላታለሁ፤ ቅዳሜ ቀደም ብለን መጥተን እንሞክራለን።» ፊቴ ጋለ። እሳቸውን የመሰሉ ሰው ለእኔ ውሸት ዋስ ሲሆኑ ቁጭ ብዬ አየሁ።

በቅዳሜው እንዳሉት ማውዝፒሶቻቸውን በመሐረብ ጠቅልለው መጡ። ድምፅ ሲወጣ ሲወርድ በመርፌ የሚያሳየውን የስልኬን መቃኛ ከፍተን፣ ከፊታችን ባለው ወንበር ላይ አስደግፈን ጀመርን። መጀመሪያ የሰጡኝ ውስጡ ሰፋ ያለውን ነበር።

«ተመልከቺ» አሉኝ፣ «ማውዝፒስ ሲቀየር ድምፁ ሁሉ እኩል አይቀየርም። እንዲህ ሆዱ የሰፋውን ስትሰኪ ቀድመው የሚወርዱት መካከለኛዎቹ ናቸው፤ ቀዳዳው ሁሉ ተከፍቶ በአጭሩ የሚነፉት። ጣትሽ ሁሉ ዘግቶት በረጅሙ የሚነፋው የታችኛው ብዙም አይሰማው። ያው አንድ ማንኪያ ጨው ነው፤ ቀድሞ የሚጨው ግን ትንሹ ድስት ነው።»

ነፋሁ። እንዳሉት መካከለኛዎቹ ወረዱ። ውስጡ ጠበብ ያለውን ስሰካ ደግሞ እነዚያው ወጡ። የላይኛው ድምፅ ግን ከየትኛውም ጋር ወረደ። የራሴን አሮጌውን መልሼ ስሰካ ታችም መሐልም ልክ ነው፤ ላይ ስደርስ ይሰምጣል። ጋሼ ማውዝፒሴን ተቀብለው፣ በመሐረባቸው ጠርገው፣ በራሳቸው ክላርኔት ላይ ሰኩና ከታች እስከ ላይ ነፉት። የስልኩ መርፌ ከመሐል ንቅንቅ አላለም።

«ማውዝፒስሽ ጤነኛ ነው» አሉ። ከዚያ ስልኩን ትተው እኔን አዩኝ። «ልጄ፣ አፍሽን ያምሻል እንዴ?»

«ኧረ ምንም አልሆንኩም!»

ጮክ ብዬ ነበር። በዚያው ጩኸት ጥርሱ ተላቅቆ ወጣ፤ መሬት ሳይደርስ በመዳፌ ቀለብኩት። ቀና ስል መሪያችንና ትራምፔት ነፊው በሩ ላይ ቆመዋል። ትራምፔት ነፊው የአራዳ ልጅ ነው፤ የመሪያችንን ሱሪ እንኳ ሳይቀር የሚተርብ፣ ማንንም የማይምር። አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

ክላርኔቴን ወንበሩ ላይ ትቼ ደረጃውን ወረድኩ። ሻርፔን አፌ ላይ ጠምጥሜ ቸርችልን ቁልቁል እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ሄድኩ። ጥርሱ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ቆሜ ልመልሰው ብል መንገዱ ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። ታክሲ ስገባ ረዳቱ «የት ነሽ እናት?» አለኝ። በእጄ ወደ ፊት አመለከትኩ። መናገር የማልችል መስሎት «እሷን አስቀምጡልኝ እስቲ!» ብሎ አንድ ተማሪ አስነሣልኝና፣ እያንዳንዱ ፌርማታ ላይ ጎንበስ እያለ በእጁ ምልክት «እዚህ ነው?» ይለኝ ጀመር። እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ ደግነቱን ተቀበልኩ። ያን ቀን ካፈርኩባቸው ነገሮች ሁሉ ዛሬም ድረስ አንገቴን የሚያስደፋኝ ያ ነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ለባሌ ልምምድ የለም ብዬ ቤት ዋልኩ። አመሻሹ ላይ ጋሼ ደወሉ።

«ክላርኔትሽ እኔ ጋ ነው። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፒያሳ ኬክ ቤት እጠብቅሻለሁ። ማኪያቶ ትጋብዢኛለሽ።»

ስለ ጥርሱ የሚያነሡ መስሎኝ ሌሊቱን መልስ ሳዘጋጅ አደርኩ። አላነሡም። የክላርኔቱን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ከደረት ኪሳቸው አንድ ማውዝፒስ አወጡ።

«ይቺ ጫፏ ጠባብ ነው፤ ከሪዱ ጋር ያላት ክፍተት ትንሽ ነው። ብዙ ንክሻ አትጠይቅም፤ ከንፈር ይበቃታል። ድምፅሽን ሁሉ በትንሹ ከፍ ታደርገዋለች፤ ያን ጊዜ ወደ ልኩ እንዲወርድ ከማውዝፒሱ ሥር ያለውን መገጣጠሚያ ሳብ ማድረግ ነው። ብዙ እንዳትስቢ ብቻ። ብዙ ከሳብሽ ያው መካከለኛዎቹ ናቸው ቀድመው የሚወርዱት።»

እኔ ማኪያቶዬን እያማሰልኩ ነበር። ስለ ማውዝፒስ ብቻ ሲያወሩ የከበደኝን ያህል በቀጥታ ቢጠይቁኝ አይከብደኝም ነበር። «ጋሼ፣ ማውዝፒሱ አልነበረም እኮ» አልኩ። «ያን ሁሉ ያለፋሁዎት...»

«ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጥርስ ያወለቀ ሰው ሞልቷል። ጥርሱን ከሰው ደብቆ ክላርኔት ልንፋ ያለ ግን ካንቺ በቀር አላየሁም። ወይ ጥርሱን አልያም ክላርኔቱን መደበቅ ነው እንጂ!»

ሳቅሁ፤ ስስቅ እጄ ሳላዝዘው አፌን ሸፈነው። ጋሼ ያላዩ መስለው አስተናጋጇን ጠሩ።

ባንዱ ውስጥ ተመልሼ ስቀመጥ አዲሷን ማውዝፒስ ሰክቼ ነበር። መገጣጠሚያውን እንደነገሩኝ ጥቂት ሳብኩት። የታችኛው ድምፅ እንደ ቀድሞው አልወፈረም፤ ቀጠን ብሏል፣ ለእኔ ይታወቀኛል። ላይ ላይ ስንወጣ ግን ጥርሱን ሳልነክስበት፣ ከንፈሬን ብቻ ሰብስቤ ያዝኩት፤ ቆመልኝ። መሪያችን ሳያስቆመን ራሱን ነቅንቆ አለፈ። ጋሼ ከጎኔ በእግራቸው ምቱን እየመቱ ነበር።

ዕረፍት ላይ ትራምፔት ነፊው ወደ እኔ መጣ። ለትረባው ተዘጋጅቼ ነበር። የፈለገውን ይበል፣ አብሬው እስቃለሁ ብዬ ነበር። «እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ» አለኝ። ውሃ አቀበለኝ፤ ወንበሬን ከመስኮቱ ንፋስ ወዲያ አዞረልኝ። ከዚያ ሄዶ የጋሼን ኮፍያ መተረብ ጀመረ፤ ቤቱ በሳቅ አውካካ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቅዳሜ አልፏል። ሁሉንም ይተርባል፤ እኔን አንድ ቀን አልነካኝም። ደግ ሰው ነው፣ አውቃለሁ። ግን አራዳ ተወልዶ ያደገ ሰው አፉን የሚሰበስበው ለሰው ሲያዝን ነው። እሱ ዝም ባለ ቁጥር ጥርሱን በመዳፏ የቀለበችውን ሴት እያየ ይመስለኛል፤ እኔም አብሬው አያታለሁ።