ደህና አድርጌ ሠራሁህ

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤት ልብስ የለበሱ ሁለት ልጃገረዶች ሱቄ ገብተው ቦርሳ ያማርጡ ጀመር። ሱቄ ጀፕ ነው፤ የጆሃንስበርግ መሀል፣ የእኛ ሰው ብርድ ልብስና ቦርሳ፣ ጫማና ካልሲ በጅምላ የሚሸጥበት ሰፈር። አንደኛዋ ሰማያዊውን ቦርሳ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ወደ ጓደኛዋ ዞረችና ድምፅዋን አወፍራ፣ «ቬሪ እስትሮንግ! ጉድ ፎር እስኩል፣ ማይ ፍሬንድ!» አለች። ሁለቱም ፍርስ ብለው ሳቁ። በእኔ እንዳልሳቁ አውቃለሁ፤ ወደ እኔ እንኳ አላዩም። ከቴሌቪዥን የሰሙትን ነው የደገሙት። እኔን ያስቀመጠኝ ሌላ ነገር ነው። ያንን አነጋገር ቴሌቪዥን ላይ ያወጣችው የገዛ ልጄ ናት፤ የተማረችውም ከእኔ አፍ ነው።

የአገሩ ሰው የውጭ አገር ባለሱቅን ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» ይለዋል። ወዳጅ አድርጎት አይደለም፤ ስሙን መጠየቅ ስላላስፈለገው ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ማይ ፍሬንድ ተብዬ ኖሬያለሁ። ለምጄዋለሁ ብዬ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በወረርሽኙ ጊዜ፣ በሰኔ ነው። የዚህ አገር ሰኔ ዝናብ የለውም፤ ብርዱ ደረቅ ነው፤ ከንፈር ይሰነጥቃል። ሱቁ ተቆልፎ፣ የሰፈራችን የዮቪል መንገዶች ታክሲና ነጋዴ ጠፍቶባቸው፣ እኔና ባለቤቴ ማርታ ልጃችንን ፌቨንን ይዘን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተዘግተን እንውል ነበር። ማርታ ከበቆሎ ዱቄት የሚገነፋውን ፓፕ በጎመን እያደረገች ታቀርባለች፤ እኛ እንበላለን፤ በመስኮት ባዶውን መንገድ እናያለን። ፌቨን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከተወለደች ጀምሮ ቀን ሙሉ አብሬያት ውዬ የማውቀው ያኔ ነው።

እኔ የሆሳዕና አካባቢ ሰው ነኝ፤ አፌን የፈታሁት በሀዲይኛ ነው። አማርኛን ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን ለቀምኩት። እንግሊዝኛን ከአንድ መዝገበ ቃላት ብቻዬን ተማርኩት፤ ትምህርቴን ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ነውና። ፌቨን ደግሞ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። አማርኛዋ ለምግብና ለጸሎት ይበቃል፤ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ እኔና እሷ ቁም ነገር ካለን የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ በእኔ እንግሊዝኛ። የእኛ ሰው «ስኩል» ሲል ከፊቱ አንዲት «እ» ትቀድመዋለች። እስኩል፣ እስቶክ፣ እስትሪት። ይህን አውቀዋለሁ። ላርመው ግን አልደከምኩም፤ ቋንቋው ልጅ ካሳደገልኝ ይበቃዋል ብዬ ነበር።

አንድ ቀን ፌቨን ኮምፒውተሯ ላይ ምን እንደምታይ ላረጋግጥ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንግሊዞች የሠሩት የወጣቶች ተከታታይ ድራማ ነው። ልጆቹ ያጨሳሉ፣ ይጠጣሉ፣ ስድባቸው ለጆሮ የሚከብድ ነው። ፊታቸው ብጉር፣ ሰማያቸው ዝናብ።

«ዝጊው» አልኳት።

«አባዬ፣ ቆይ። ይህቺን ልጅ ብቻ እያት።»

ልጅቷ የባለሱቅ ልጅ ናት። አባቷ ከእስያ የመጣ ሰው ነው፤ ጋዜጣና ሲጋራ ይሸጣል። ማታ የሱቁን በር ግማሽ ድረስ አውርዶ፣ ባንኮኒው ኋላ ቆሞ ከምሳ ዕቃው ይበላል። ልጅቷ ትገባለች፤ ከሰው ጋር ተጣልታ ነው የመጣችው። ምንም ሳይጠይቃት ምሳ ዕቃውን ወደ እሷ ገፋ ያደርገዋል። ከዚያ ያወራሉ። እሱ ከሩቅ እንደመጣ ሰው ይናገራል፤ እሷ እንደ ክፍል ጓደኞቿ። ማንም አይስቅም።

«አባቷ ሱቅ አለው» አለችኝ ፌቨን፣ ዓይኗን ሳትነቅል። «እንደኛ።»

እንደዚያ ስትል በልጅነቷም ሰምቻት አላውቅም። እኔ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ለነጋዴ ጨው አመላልስ ነበር፤ ወጣትነት ራሱን የቻለ ታሪክ እንዳለው የነገረኝ የለም፤ እኔን የሚመስል ሰው በስክሪን ላይ ይኑር አይኑር አስቤም አላውቅ። ለእሷ ግን ጉዳይ እንደሆነ ገባኝ። እስከ መጨረሻው አብሬያት አየሁ። ብልግናው ብልግና ነው፤ ዛሬም አልደግፈውም። ግን ያንን ሰው የጻፈው ሰው አንድ ባለሱቅ ቀርቦ አይቷል።

ቀጥሎ የአሜሪካኑን አገኘች። አሜሪካኖቹ ያንኑ ታሪክ ወስደው በራሳቸው አገር እንደገና ሠርተውታል። ፀሐይ በፀሐይ ነው። አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነው የተባሉት ልጆች ባንክ የሚያስተዳድሩ ይመስላሉ፤ ጥርሳቸው ያበራል። ስድቡ ቀንሷል፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ልጅቷ ግን ትልቅ ግቢ ውስጥ ናት፤ ሱቁ የለም። ስለ አባቷ የሚባለው አንድ ነገር ነው፤ ለሥራ ሄዷል።

«የት ሄደ?» አልኩ።

«አወጡት፣ አባዬ።»

«ለምን?»

«እንጃ። ምናልባት ደባሪ ሆኖባቸው ይሆናል።» ሳቀችብኝ። «ምን ታደርግ፣ አንተም ደባሪ ነህ እኮ።»

ብልግናውን ሲጠርጉ አባትየውንም አብረው ጠረጉት። ይህን ለብዙ ሰው ተናግሬያለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ጭምር።

በጥቅምት የጃካራንዳው ዛፍ አብቦ የዮቪል የእግረኛ መንገድ ሐምራዊ ሲሆን፣ ሱቁም ሲከፈት፣ ፌቨን ወሬ ይዛ መጣች። እዚሁ ከተማ ያለ አንድ አዘጋጅ ድርጅት ታሪኩን ለጆሃንስበርግ ሊሠራው ነው። የባለሱቁ ልጅ በዚህኛው ኢትዮጵያዊት ናት። ልጅ እየፈለጉ ነው።

እምቢ አልኩ። ልጄ ቲያትረኛ እንድትሆን አይደለም ድንበር በእግሬ ያቋረጥኩት። ሁለት ቀን ተኳረፍን። በሦስተኛው ቀን ሱቅ ድረስ መጥታ ካርቶኖቹ መሀል ቆማ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፤ «አባዬ፣ አባትየው አለ። አይቻለሁ፣ ጽሑፉ ውስጥ አለ።»

በዚህ አሸነፈችኝ። የፈቀድኩት ለእሱ ብዬ ነው።

ደስታዬን ደግሞ አልደበቅሁም። ጀፕን ከዳር እስከ ዳር አዳረስኩት። ጎረቤቴ ታምራት፣ ጫማ ሻጩ፣ ባየኝ ቁጥር «ጋሼ፣ ከእንግዲህ እርስዎን ለማየት ትኬት ልንቆርጥ ነው?» ይለኝ ነበር። እኔም «አንተን በነፃ አስገባሃለሁ፣ ጫማህን ካወለቅህ» እለው ነበር።

አንድ ምሽት፣ እራት ሳይቀርብ፣ ፌቨን ከክፍሏ ወጣች። ከድርጅቱ ሰዎች ጋር በኮምፒውተር ስትነጋገር ቆይታ ነው። ፊቷ ልክ አልነበረም። ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጠችኝና፣ «አንብብልኝ» አለች። ስልኳን ወደ እኔ አስጠግታ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። መነጽሬን አደረግሁ። የልጅቷ ንግግር ነው፤ አነበብኩላት።

«ይህቺን እንደገና። ስለ ትምህርት ቤት ያለችውን።»

እንደገና አነበብኩ።

«ቀስ ብለህ። ሁልጊዜ እንደምትናገረው።»

ማርታ ከኩሽና፣ «ዛሬ ደግሞ መምህር ሆነሃል?» አለችኝ።

መምህር ሆኜ ነበር። እንደዚያ ነው የመሰለኝ። ከአራተኛ ክፍል የቀረሁት ሰውዬ፣ በመዝገበ ቃላት የታገልኩት፣ እዚህ የተማረች ልጄ ወረቀት ይዛ መጥታ አንብብልኝ አለችኝ። ሳምንቱን ሙሉ እራት ሳይቀርብ ተቀምጠን አነበብን። «ቃሉን አትዋጪው፣ ጉልበት ስጪው» እያልኩ አርማት ነበር። እሷም እሺ ትላለች፤ አፌን እያየች።

ድራማው የወጣው በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ነው። ሰው መሰብሰብ ስላልተፈቀደ ታምራትና ሚስቱን ብቻ ጠራን። ማርታ ከጀፕ በረዶ የሆነ ቆጮ አስመጥታ ክትፎ ሠራች። ማስካችንን አገጫችን ላይ አውርደን እየበላን ጠበቅን።

መጀመሪያ አባትየው ታየ። የዱቄት ጆንያ ላይ ጋደም ብሎ ያንኮራፋል። ደንበኛ ስትጠራው ዘሎ ሲነሳ ጭንቅላቱን መደርደሪያው ይመታዋል፤ «ማይ ፍሬንድ! ማይ ፍሬንድ!» ይላል። ሌላ ቃል የለውም። ከዚያ ልጄ የትምህርት ቤት ልብስ ለብሳ፣ ቦርሳ ይዛ ገባች፤ አምራ ነበር። ለደንበኛዋ ቦርሳውን ለመሸጥ አፏን ስትከፍት የእኔ ድምፅ ወጣ። «ቬሪ እስትሮንግ። ጉድ ፎር እስኩል።» እያንዳንዷ «እ» በቦታዋ ናት። ጉልበት የሰጠሁት ቃል ጉልበት አለው።

ማርታ እጇን አጨበጨበች። «ውይ! ውይ! አንተን እኮ ነው! ቁርጥ አንተን!»

ታምራትም ሳቀ፤ ከዚያ አየኝና ቆጮው ላይ አቀረቀረ። ፌቨን ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከቴሌቪዥኑ ዞር አላለችም።

ሰዓት እላፊ ስለነበር እንግዶቹ በጊዜ ሄዱ። በሩ እንደተዘጋ ጠየቅኋት።

«ልጅቷ በታሪኩ ውስጥ የት ነው የተወለደችው?»

«እዚሁ።»

«ታዲያ ለምን እንደኔ ትናገራለች?»

ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ከዚያ፣ «መጀመሪያ በራሴ አነጋገር ነው የሞከርኩት» አለች። «የድርጅቱ ሴትዮ ጎበዝ ነሽ፣ ግን ኢትዮጵያዊት አትመስይም አለችኝ። እኔ እኮ ነኝ ኢትዮጵያዊት ብላት፣ ተመልካች አይገባውም አለች።»

«እንግሊዞቹ ልጅቷን በራሷ አፍ ነው ያናገሯት።»

«እነሱ እንግሊዞች ናቸው፣ አባዬ።»

«አባትየው አለ ብለሽኝ ነበር።»

«አለ እኮ!»

«እያንኮራፋ!»

«ሃይቦ፣ አባዬ!» አለች፣ እንደ አገሩ ልጆች ተቆጥታ። «እኔ ጻፍኩት? እኔ እምቢ ብል ሌላ ልጅ ትሠራዋለች፤ ያውም አበላሽታ።» ተነስታ መጥታ እጄን ያዘች። ልታለሰልሰኝ ፈልጋ ነው መሰለኝ፣ እንግሊዝኛውን ትታ በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ፣ ቃል በቃል እየፈለገች፣ «እኔ... ደህና አድርጌ... ሠራሁህ» አለችኝ።

አማርኛ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እሷ አታውቅም። አንተን በደንብ ተጫወትኩህ፣ አላዋረድኩህም ልትል ነው። ማርታ ደንግጣ «ኧረ እንዲህ አይባልም!» አለች። እኔ ግን አላረምኳትም። በዚያች ቃል ላይ የሚታረም ነገር አልታየኝም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከልጄ ጋር እንግሊዝኛ ተናግሬ አላውቅም። አስቤ የወሰንኩት አይደለም። በማግስቱ ጠዋት ሻይ ይኑር አይኑር ስትጠይቀኝ በአማርኛ መለስኩ፤ እንዲያው በዚያው ቀጠለ። ለደንበኛ እናገራለሁ፣ ለፖሊስ፣ ለአከራይ እናገራለሁ። እሷ ፊት ስሆን ግን ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ በፊት እሷ ስትለው ይሰማኛል።

አሁን ኬፕታውን ትኖራለች። ሥራ አላት። ይጠሯታል፤ ስደተኛ፣ ቤት ጠራጊ፣ የስደተኛ ሚስት እንድትሆን። ሁሉም ቦታ ከዚያችው «እ» ጋር። በራሷ ድምፅ የተናገረችበት አንድም ድራማ አላየሁም። አንዳንዴ ከአሜሪካኖቹና ከጆሃንስበርጎቹ የትኛው እንደሚብስ አስባለሁ፤ አባትን አውጥቶ መጣሉ ወይስ አስቀርቶ መሳቂያ ማድረጉ። ድራማ የሚሠሩ ሰዎች ስለ ወጣቶች እናውራ ሲሉ ወጣቱ ከማን ቤት እንደወጣ ሊጠይቁ ይገባል እላለሁ። አንድን ልጅ ማሳየት ማለት መልኩን መስኮት ላይ መስቀል አይደለም። የጠየቀኝ የለም፤ ቢሆንም እላለሁ።

ባለፈው ገና መጥታ ነበር። እኔ ሶፋው ላይ፣ እሷ መስኮቱ አጠገብ። ቀጥናለች። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ እናቷ ጉልበት አወራን፤ ይህን ያህል አማርኛ አላት። ከዚያ እጇን ትፈትግ ጀመር፤ አንድ ነገር ልትነግረኝ ነው። «አባዬ፣ እኔ... በጣም...» ብላ ቆመች። ቃሉን በአማርኛ አጣችው። በእንግሊዝኛ ምላሷ ጫፍ ላይ እንዳለ ይታየኛል። እኔም የምሰማበት እንግሊዝኛ አለኝ፤ ልጅ ያሳደግሁበት ነው። በእንግሊዝኛ ንገሪኝ ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ዝም ብዬ ጠበቅኋት። እሷም ጠበቀችኝ።

«ተወው» አለችኝ። እሱን ቃል ታውቀዋለች።

በማግስቱ ወደ ኬፕታውን ተመለሰች። ልትነግረኝ የነበረው ምን እንደሆነ አላውቅም። እናቷንም ጠየቅኋት፤ ለእሷም አልነገረቻትም።