የማኅበሩ ዕጣ

አባቴ እናቴ ካረፈች ወዲህ ምንም ግዛልኝ ብሎኝ አያውቅም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ደውሎ፣ «ለማኅበራችን ዕጣ ሽቶና ሎሽን አንድ ላይ ያሉበት የስጦታ ሣጥን ግዛልኝ፤ ለትልቅ ሴት የሚሆን» አለኝ። ዕጣው ለሴት እንደሚወጣ በምን አወቀ? እኔ ሞኙ አልጠየቅኩም።

የሐበሻ ሱቆች የሚበዙበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ አንድ ሱቅ ገባሁ። ስድስት ሽቶ ካሸተትኩ በኋላ አፍንጫዬ ደነዘዘ። አጠገቤ ነጠላ የለበሱ እናት የወንድ ሽቶ ያገላብጣሉ። እያፈርኩ፣ «እትዬ፣ ለእርስዎ ቢሆን የትኛውን ይወዱታል?» አልኳቸው።

እጃቸው ላይ ሦስቱን አስረጩኝና ጽጌረዳ ጽጌረዳ የሚለውን መረጡልኝ።

«በል አሁን ደግሞ አንተ እርዳኝ፤ አባትህ ቢሆን የቱን ይወዳል?»

አባቴ ሎሚ ሎሚ የሚል ነገር ይወዳል። እሱን መረጥኩላቸው።

«ለማን ነው?» ስላቸው አንገታቸውን ደፉ። «ኧረ... ለማኅበር ዕጣ ነው።»

የከተማው ማኅበር ሁሉ ዕጣው ሽቶ ብቻ ሆነ እንዴ እያልኩ ወጣሁ።

በሳምንቱ እሑድ አባቴን ከቤተ ክርስቲያን ልወስደው ሄድኩ። ገና መኪናው ውስጥ ሲገባ ሎሚ ሎሚ ሸተተኝ።

«አባዬ፣ ዕጣው ደረሰህ እንዴ?»

«ቆይ አትንዳ» አለኝ ነጠላውን እያስተካከለ፤ «የምናደርሳቸው ሰው አሉ።»

የኋላው በር ተከፈተ። መኪናው ጽጌረዳ ጽጌረዳ አለ።

«ውይ! አንተ ነህ እንዴ ልጁ?»

አባቴ ክው አለ። «ትተዋወቃላችሁ እንዴ?»

«የአንድ ማኅበር ሰዎች ነን» አልኩት።