እርሳስ ቀራጩ

ሰውዬው መቀመጥ የሚባል ነገር አይሆንለትም። ልጆች በሰፈሩ ማእከል ተሰብስበው በሚያጠኑበት ሰዓት ይመጣና፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ በሩ ሥር ቆሞ እርሳሳቸውን ይቀርጽላቸዋል። ሸሚዙ የተተኮሰው ፊት ለፊቱ ብቻ ነው፤ ከካፖርቱ ብቅ ያለው የእጅጌው ጫፍ ጭምድድ እንዳለ ቀርቷል። ዓይኑ ልጆቹ ላይ ይሁን እንጂ ጆሮው ያለው እናቶች ልብስ ስፌት በሚማሩበት በጎን ክፍል ነው። የስፌት መኪናዎቹ ሲጮኹ ትንሽ ይረጋጋል፤ ዝም ሲሉ ክው ይላል። እናቶቹ መውጣት ሲጀምሩማ በኋላ በር ውልቅ ነው። ልጅ ይዞ ሲሄድ አንድ ቀን ታይቶ አይታወቅም።

ነገሩ አስጠኚዋን ከነከናት። የሰው ልጆች አደራ ይዛ እንዴት ዝም ትበል? ዛሬ ፈርጠም ብላ፣ "ወንድሜ፣ ለመሆኑ የእርስዎ ልጅ የትኛው ነው?" አለችው።

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት የስፌት መኪናዎቹ ጸጥ አሉ።

"መስኮቱን ዝጊላት፣ እህቴ። ብርድ አይስማማትም" አለና እርሳሱን እጇ ላይ ጥሎላት ወጣ።

ግራ እንደገባት መስኮቱን ልትዘጋ ሄደች። ከሥሩ የተቀመጠችው ልጅ ከደብተሯ ቀና ሳትል በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

"ቲቸር፣ እማዬ ሳታየው ሄደ?"